የሁለት እህትማማቾች ድምፅና ያልተገለጠው መጋረጃ

(ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለወጣት ድምፃውያንና ተዋንያን የቀረበ ንግግር ነው፤ ለጋዜጣው እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል።)



በዚህ ሰዓት የሜክሲኮን ግፊያ ጥሳችሁ፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር ተሽሎክሉካችሁ እዚህ መድረሳችሁ ራሱ ለጥበብ የከፈላችሁት ዋጋ ነው። ስለዚህ በመግቢያ አላሰለቻችሁም። የተሰጠኝ ርእስ «ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ዘፋኞች ከካሴት ወደ ሙዚቃዊ ቲያትር ሲሻገሩ» የሚል ነው። ርእሱን የመረጠው ሰው ፈረንጅ አገር ያለውን አስቦ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ወሬውን ከቻግኒ ነው የምጀምረው።

ቻግኒ ጎጃም ውስጥ ናት። እጅጋየሁ ሽባባውና ትዕግሥት ሽባባው ከዚያ የወጡ እህትማማቾች ናቸው። እጅጋየሁን ሁላችሁም «ጂጂ» ብላችሁ ታውቋታላችሁ። ትዕግሥትን ግን ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? እስቲ እጅ አውጡ። ... አያችሁ! ነገሬ እኮ እዚህ ላይ ነው።

ጂጂ በልጅነቷ ዜማ የቀሰመችው ቤታቸው ከነበሩ ቄስ ነው። ሴት ልጅ ቅኔ ማሕሌት ገብታ በማትቆምበት አገር ማሕሌቱን በጆሮዋ ሰርቃ ወጣች ማለት ይቻላል። ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሳንፍራንሲስኮ። በመሐል አንድ ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ፦ ፈረንሳዮች የንግሥተ ሳባን ታሪክ ይዘው ትልቅ ቲያትር ሲያዘጋጁ ጂጂ ገብታበት ከአገር አገር ዞራለች። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። የሳባን ታሪክ መድረክ ላይ አድርሶ ኢትዮጵያዊቷን ድምፃዊት ያስገባው ማነው? ፈረንሳይ! እኛ ምን ስንሠራ ነበር? እኛማ «ሳባ የኛ ናት» እያልን ከየመን ጋር ስንከራከር ነበር። (ሳቅ)

እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተባለው አልበም ወጣ። ያሳተመው የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ ነው፤ ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያቀረበው ሰውዬ። አቀናባሪው ኋላ ባሏ የሆነው ቢል ላስዌል ነበር። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ፣ እነዚህ የጃዝ አባቶች ከአንዲት የቻግኒ ልጅ ድምፅ ኋላ ቆመው ተጫወቱ። «ጉራማይሌ»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «አባይ»፣ «አድዋ» ከዚያ አልበም የወጡ ናቸው። የካቲት 23 ሲደርስ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው «አድዋ»ን ሳይሰማ አይውልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 «ጽዮን ሩትስ» ወጣ። ክራሩና ጊታሩ ጎልቶ፣ ኤሌክትሪኩ ቀነስ ብሎ። እዚያ ላይ ጆሯችሁን ቀረብ አድርጋችሁ ስሙ። ከጂጂ ድምፅ ጀርባ ሌላ ድምፅ አለ፣ ትዕግሥት ናት። አጃቢ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የእህትማማች ድምፅ ቅጥር አጃቢ ሊሰጠው የማይችለው አንድ ነገር አለው። አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ሰዎች ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ አንድ ነው፤ ቃሉን የሚቆርጡበት ቦታ አንድ ነው። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ የት እንደምትጨርስ ታውቃለች። ይህ በልምምድ ብዛት የሚመጣ አይደለም፤ እናት ጓዳ ውስጥ የተጠና ነው።

ትዕግሥት በአጃቢነት አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ «ቦሌ ቱ ሃርለም» የተባለው ሥራ ሲወጣ ዋናዋ ሴት ድምፅ እሷ ነበረች። የጉራጌውን ምት፣ የጎጃሙን ዜማ፣ የሃርለሙን ሂፕሆፕ አንድ ላይ ያፈላ ሥራ ነው። ዛሬ የኛ ወጣቶች «ፊውዥን» እያሉ አዲስ እንደፈጠሩት የሚያወሩትን እሷ ያኔ ጨርሳው ነበር። ሁለት ዓመት አልቆየችም። በ2000 ዓ.ም. አረፈች። ነፍሷን ይማር።

እንግዲህ ሁለቱ በስም «ዱኦ» ተብለው አልተመዘገቡም፤ ይህን ማንም ሊያርመኝ አይነሣ፣ አውቀዋለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንዷ በቲያትር መድረክ ያለፈች፣ ሌላዋ ሁለት ከተማ በአንድ ዘፈን ውስጥ ማጫወት የምትችል፣ ሁለቱም አንድ ማዕድ የቆረሱ እህትማማቾች ነበሩን። ዘፈኖቻቸው ውስጥ ወንዝ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ስደት አለ፣ ካህን አለ፣ እረኛ አለ። ባለ ታሪኮቹ ተሰልፈው ቆመዋል! የቀረው መጋረጃ የሚገልጥ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የገለጠ የለም።

አንዳንዱ «ሙዚቃዊ ቲያትር የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» ይላል። ይህን የሚል ሰው ካሳንቺስ አምሽቶ አያውቅም። የአዝማሪ ቤቱን አስታውሱ። ወንዱ ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል፣ ሴቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትገባለች። እሱ ይነካካታል፣ እሷ ትመልሳለች። ባልና ሚስት ይሆናሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ያቀብላል፤ ያቺ ግጥም ወዲያው ዘፈን ሆና ጥግ የተቀመጠውን ሹመኛ ትወጋለች። ሹመኛውም እየሳቀ ብር ይለጥፋል፤ ካልሳቀ ገባኝ ማለቱ ነዋ! ገጸ ባሕሪ፣ ግጭት፣ ቃለ ተውኔት፣ ዜማ፣ ውዝዋዜ፣ ተመልካች፤ ሙዚቃዊ ቲያትር ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ታዲያ ያ ቤት የት አለ? «ፈንዲቃ» ከነዚያ የካሳንቺስ አዝማሪ ቤቶች አንዱ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከእጁ እንዳያመልጥ ታግሎ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ጃዝ ተጫወቱበት፣ ሥዕል ሰቀሉበት፣ ከውጭ የመጣ ሙዚቀኛ ሁሉ ሳይረግጠው አይሄድም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ አልክድም። አዝማሪው ግን የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ አይዘፍንም። መድረክ እንደ አጥር ቆርቆሮ ዛሬ ነቅለህ ነገ የምትተክለው ነገር አይደለም፤ ሰዉ ወደዚያ ለመምጣት የለመደው ልማድ ነው መድረኩ።

ወደ ብሔራዊ ቲያትር ልምጣ፤ ከዚህ በእግር ሩቅ አይደለም። ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ የጀመረው ሕንፃ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተጠናቆ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር» ተባለ። የተከፈተውም የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» በተሰኘው ተውኔት ነው። ልብ በሉ፤ ያ ቤት ሲከፈት የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው! መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር፣ ኋላም አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃውን ያዙት። ነርሲስ የአገሩን ዜማ ለትልቅ ባንድ በኖታ እየጻፈ ለተውኔትም ሙዚቃ ይሠራ ነበር። የነርሲስ አጎት ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው። የቤተሰብ ሙያ ሲባል እንዲህ ነው።

ያኔ ዘፋኝና ተዋናይ ሁለት ሙያ አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም እንደዚሁ ነበር፤ ከተውኔቱ በፊት ዘፈን፣ ከዘፈኑ በኋላ ቀልድ። አስናቀች ወርቁን ማን ይረሳል? የሴት ገጸ ባሕሪ በወንድ በሚተወንበት ዘመን መድረክ ላይ የወጣች ሴት ናት፤ በዚያው እጇ ክራር ትደረድራለች። አንድ ሰው ሁለቱንም! በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ ግማሹ ጋዜጣ «ዝነኛዋ ክራር ደርዳሪ» ብሎ ጻፈ፣ ግማሹ «አንጋፋዋ ተዋናይት» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ኋላ ምን ሆነ? ካሴት መጣ። ዘፋኙ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ከነጋዴ ጋር ተዋዋለ፣ ተዋናዩ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኖ ቲያትር ቤት ቀረ። ዘፋኙ በአንድ ሠርግ የሚያገኘውን ተዋናዩ በስንት ወር ያገኘዋል? ደፍሮ ማን ዘፋኝ ነው ሦስት ወር ልምምድ የሚቀመጥ? ፍቺው የተፈጸመው በዚህ ሒሳብ ነው እንጂ በጥበብ ልዩነት አይደለም።

አሁን ወደ ፈረንጅ አገር እንሻገር፣ ለማነጻጸር ያህል። ስኮትላንድ ውስጥ «ዘ ፕሮክሌይመርስ» የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች አሉ፤ ክሬይግና ቻርሊ ሪድ። መነጽር ያደረጉ፣ የአስተማሪ መልክ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አምስት መቶ ማይል መሄድ የዘፈኑት ዘፈን ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲፈን ግሪንሆርን የተባለ ጸሐፌ ተውኔት ዘፈኖቻቸውን ሰብስቦ ከውትድርና ወደ ሰፈራቸው ስለሚመለሱ ሁለት ወጣቶች ታሪክ ሠራባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊልም ሆነ። ወንድማማቾቹ ራሳቸው መተወን አላስፈለጋቸውም። ማን ነው ያዘጋጀው? የዱንዲ ከተማ ቲያትር ቤት! ዱንዲ ከጎንደር ያነሰ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ቋሚ ተዋንያን ያሉት፣ ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ቤት አላት። የኛም ቲያትር ቤቶች ቋሚ ተዋንያን አሏቸው፣ ከመንግሥት በጀት ያገኛሉ። ልዩነቱ እነዚያ ዘፈን ሰምተው ተውኔት ማየታቸው ነው።

ሌሎቹ ወንድማማቾች አሜሪካኖቹ ስፓርክስ ናቸው፤ ሮንና ራስል ሜል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲዘፍኑ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ፊልም አዘጋጁ ኢንግማር በርግማን ሙዚቃዊ ድራማ ሠሩ። ያዘዛቸው የስዊድን ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ! የኛ ሬዲዮ ለዘፋኝ የሚያዘው የበዓል ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ «አኔት» የተባለው የነሱ ሙዚቃዊ ፊልም የካን ፌስቲቫል መክፈቻ ሆነ። ዕድሜያቸው ያኔ 70 አልፎ ነበር። «እኛ አርጅተናል» የምትሉ አንጋፋዎች ካላችሁ ስሙኝማ።

እዚህ ቤት የተቀመጡ አንዳንድ ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ነገር ልናገር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የታወቁ ዘፈኖችን የሚያያይዝ ድርሰት ይዘን አንድ ቲያትር ቤት ሄደን ነበር። ስሙን አልጠራም። «ገምጋሚ ኮሚቴ ያየዋል» አሉን። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሰብሳቢው መስክ ወጥቷል፣ ጸሐፊዋ ወልዳለች። በመጨረሻ የመጣው መልስ «የዘፈኖቹን ባለቤቶች ፈቃድ አምጡ» የሚል ሆነ። ይህኛው ጥያቄ ትክክል ነው፣ አልተቃወምነውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን በመድረክ ለማቅረብ ፈቃድ የሚሰጠው የመብቱ ባለቤት ነው። ነገር ግን አንድ ዘፈን ግጥም ደራሲ አለው፣ ዜማ ደራሲ አለው፣ አቀናባሪ አለው፣ ድምፃዊ አለው፤ አንዱ ዋሺንግተን ነው፣ አንዱ ሞቷል፣ ወራሾቹ ፍርድ ቤት ናቸው። ሃያ ዘፈን ያለው ተውኔት ለመሥራት ሰማንያ በር ማንኳኳት ነው። ይህን ሥራ ሦስት ጀማሪዎች በታክሲ ሂሳባቸው አይወጡትም። ተቋም ይወጣዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመንግሥት ቲያትር ቤቶች አንዱ፣ የትኛውም ይሁን፣ በዓመት አንድ ሥራ ብቻ ለሙዚቃዊ ተውኔት ይመድብ። ፈቃዱን እሱ ይፈርም፣ ልምምዱን ለዘፋኙ ይክፈለው። የመጀመሪያውን ምረጥ ካላችሁኝ የሽባባው እህትማማቾችን ዘፈኖች እመርጣለሁ። ሁለት እህትማማቾች፤ አንዷ ወንዝ ማዶ፣ አንዷ ወንዝ ወዲህ። ጂጂ ፈቃዷን ከሰጠች የትዕግሥትን ቦታ የምትቆምበት ልጅ ከዚህ አዳራሽ አትጠፋም። ቅድም እጅ ካላወጣችሁት መካከል እንኳ ትኖራለች።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። መብራቱ ሳይጠፋ ቶሎ በሉ።