ቧንቧው ሌሊት ሲጮህ ሒሳቡ የማን ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ መዋጮ ሊጠይቅ ነው ብላችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ እንደምታደርጉ እናውቃለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ውሃ ቧንቧ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ሆነን አይደለም። ከድንገተኛ ብድር ሣጥናችን "ቤት ልቀይር ነው" ብለው ገንዘብ ከጠየቁን እህቶች መካከል፣ ምክንያታቸው የኪራይ ጭማሪ ሳይሆን የቧንቧ ጩኸት የሆነ ስላጋጠመን ነው። ብድሩን ከመፍቀዳችን በፊት ጉዳዩን መረዳት ነበረብን።

የአንዷን ብቻ እናንሳ፤ ራሷ ፈቅዳልናለች። በኮንዶሚኒየም 2ኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖራለች፤ የስምንት ወር ሕፃን አላት። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ግድግዳው ውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ የሚመታ ይመስል ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። ሕፃኑ ይነሳል። ከላይ ያለችው ጎረቤት ደግሞ "ሌሊት ሌሊት ዕቃ የምታንቀሳቅሺው ለምንድን ነው?" ብላ ተቀየመቻት፤ ቡና መጠራራቱም ቀረ። አከራይዋ ስትነገር "እስከ ዛሬ የኖሩት ተከራዮች ምንም አላሉም፤ ካልተመቸሽ ቤቱን ልቀቂ" አለቻት። እህታችንም እውነት መልቀቅ ያለባት መስሏት ወደ እኛ መጣች።

እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ወረቀት አወጣን። የኪራዩ ዋጋ 14,000 ብር ነው። አዲስ ቤት ሲገኝ የ2 ወር ቅድሚያ 28,000 ብር ይጠየቃል። ይህ ኖራ የምትጨርሰው ስለሆነ ኪሳራ አንለውም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን በእጇ መገኘት አለበት፣ የላትም። ከጠየቀቻቸው ደላሎች ዝቅ ያለው 4,000 ብር አላት። አይሱዙውና ጫኝ አውራጁ 5,500 ብር። እነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም 9,500 ብር፣ ሄደው የሚቀሩ ናቸው። የአዲሱ ቤት ቧንቧ ዝም ያለ ስለመሆኑ ደግሞ ማንም ዋስ አይሆናትም። ቤት ስናይ የሚታየን ቀለሙና የወጥ ቤቱ ስፋት ነው፤ ቧንቧውን ከፍቶ፣ በፍጥነት ዘግቶ የሚያዳምጥ ማን አለ?

ስለዚህ ለ10 ቀን አንድ ሠንጠረዥ እንድትይዝ ጠየቅናት። ድምፁ የተሰማበት ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ በቤት ውስጥ የተከፈተ ቧንቧ መኖር አለመኖሩ፣ በዚያ ቀን ውሃ በፈረቃ መምጣት አለመምጣቱ፣ ድምፁም ምን እንደሚመስል። አራት ዓምድ ብቻ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ነገሩ ራሱን ገለጠ። ዱምዱምታው የሚሰማው ውሃ በመጣበት ሌሊት ብቻ ነው፤ ያውም ውሃው እንደመጣ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሊሞላ ሲቃረብ። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድም ቧንቧ አልተከፈተም። ከዚህ በኋላ ጎረቤትን መጠርጠር አያስፈልግም ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን የነገረን የቧንቧ ሠራተኛ በምሳሌ አስረዳን። ሰው ቆሞ የጫነ ሚኒባስ ታክሲ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ምን ይሆናል? ቆሞ የነበረው ሁሉ ወደፊት ይደፋል። ቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ እንደ አየር ታምቆ አይለዝብም። መንገዱ በድንገት ሲዘጋ ግፊቱ ተመልሶ ቧንቧውን ይመታዋል። ቧንቧው በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ካልተያዘ ይወዛወዝና ግድግዳውን ይደበድባል። የእጀታ ቧንቧን ጠቅ አድርጎ መዝጋት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ የሚቆርጥበት ቅጽበት፣ ሁሉም ይህንኑ ያመጣሉ። በእህታችን ቤት ግን ዘጊው ሮቶው ውስጥ ያለው ፍሎተር ነበር። ያረጀ ፍሎተር ሮቶው ሊሞላ ሲል በውሃው ማዕበል ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዚያው መጠን ውሃውን ይዘጋል ይከፍታል፣ ይዘጋል ይከፍታል። ሌሊት ደግሞ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ስለሆነ የመስመሩ ግፊት ከቀኑ ይበረታል። ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ ማሰሪያዎቹ ስለወለቁ ድምፁ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ይሰማል። የላይኛዋ ጎረቤት ከታች የመጣ፣ የታችኛዋ ከላይ የመጣ የሚመስላቸውም ለዚህ ነው።

ሌሎችም ድምፆች አሉ፤ እነሱ ቀለል ይላሉ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚንፈቀፈቀው አየር ነው። ቧንቧውን በትንሹ ከፍታችሁ አየሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ መተው ነው እንጂ ሌላ ጥገና አይሻም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙዎቻችን ውሃ ሲመጣ እንዲቀሰቅሰን ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ባልዲ አድርገን እንተኛለን። እኛን ሲቀሰቅስ ሕንፃውን በሙሉ ይቀሰቅሳል! የሚያፏጭ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ጎማ ያለቀ ነው፤ ጎማው ርካሽ ነው። የጎረቤት ፓምፕ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም የመኪና ጎማ ቁራጭ ማንጠፍ ይረዳል፤ ሰዓቱን ግን ተቀምጦ መስማማት ነው።

ቀጭኑን ሽውታ ግን አትናቁት፤ መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። የሚዞር ነገር ካለ ውሃ እየወጣ ነው። የሚያንጠባጥበው ከታየ ጆግ አስቀምጡበት። አንድ ሊትር በ10 ደቂቃ ከሞላ በቀን 144 ሊትር፣ በ30 ቀን 4,320 ሊትር ነው። ሂሳቡ በተከራይ ስም ባይመጣም የሚከፍለው ተከራይ ነው።

ወደ እህታችን እንመለስ። አዲስ ፍሎተር፣ ከሮቶው በፊት ውሃውን ቀነስ የሚያደርግ አንድ ቫልቭ፣ ከውስጥ ላስቲክ ያላቸው የቧንቧ ማሰሪያዎች፣ የእጅ ዋጋ ተጨምሮ 4,200 ብር ተባለ። በኮሚቴያችን ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ከእናቶቻችን አንዷ "በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ላለ ቧንቧ የእኛ ቁጠባ ለምን ይወጣል? ባለቤቷ አትጠግንም ወይ?" አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከእንጀራ ሽያጭና ከልብስ ስፌት በየሳምንቱ የተጠራቀመ ብር ነው፤ ደጋፊዎቻችንም የጨመሩልን የሌላ ሰው ንብረት እንድናድስበት አይደለም።

መልሳችን እንዲህ ነበር። ድሮ በኪራይ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት በወንዝ ላይ እንደ መበተን ይቆጠር ነበር፤ ነገ ውጪ ትባላለችና። አሁን ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የእህታችን ውል ገና 17 ወር ይቀረዋል። 17 ወር እንቅልፍ አጥቶ መኖርም፣ 9,500 ብር ጥሎ መሄድም አያዋጣም። ሆኖም ወጪው የአከራይዋ ስለሆነ፣ አንድ ብር ከሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት አከራይዋ የፈረመችበት ወረቀት ይቅረብ አልን።

አከራይዋን ለማነጋገር ከእህታችን ጋር ሁለታችን ሄድን። ልንከስ አልሄድንም። ሠንጠረዡንና የሠራተኛውን የዋጋ ዝርዝር ይዘን፣ "እትዬ፣ ይህ ቧንቧ እንዲህ እየተመታ ከቀጠለ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ግድግዳዎም ይረጥባል" አልናቸው። ስለ እንቅልፍ ስንናገር ያልሰሙን ሴትዮ ስለ ግድግዳው ሲሰሙ ቁጭ በሉ አሉን። በእጃቸው ገንዘብ እንደሌለ ነገሩን፤ እሳቸውም በዚያ ኪራይ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ 4,200 ብሩ በ3 ወር፣ በየወሩ 1,400 ብር ከኪራዩ እንዲቀነስ ተስማምተው ፈረሙ። እህታችን ለ3 ወር በባንክ የምታስገባው 12,600 ብር ነው፤ የቀነሰችውን 1,400 ብር ለማኅበሩ ትመልሳለች። ብድሩ ወለድ የለውም።

ወረቀቱ ላይ አጥብቀን የቆምንበት ምክንያት አለ። ኪራይ በባንክ ሲከፈል የባንኩ መዝገብ ቁጥሩን እንጂ ስምምነቱን አይናገርም። ፊርማ ከሌለ ያ የ1,400 ብር ጉድለት ነገ "ኪራይ ያላሟላች ተከራይ" ያሰኛታል። በቃል የተባለ ነገር በደህና ቀን ይበቃል፤ ጠብ ሲነሳ ግን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፤ ምን እንደሚጠገን፣ ጠቅላላ ዋጋው ከነደረሰኙ፣ በየትኞቹ ወራት ስንት ስንት እንደሚቀነስ። አዲስ ውል የምትፈርሙ ደግሞ የሮቶ፣ የፓምፕና የቧንቧ ጥገና የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው አስጽፉ።

ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ። ዱምዱምታው ቆሟል። ውሃ ሲመጣ ያለው መንፈቅፈቅ አሁንም አለ፤ እሱን ፈረቃው እስካለ ድረስ እንችለዋለን። የላይኛዋ ጎረቤትም ሠራተኛው ወደ ጣሪያ ሲወጣ መሰላሉን ያበደረችው እሷ ነበረች።

ሁለተኛው 1,400 ብር ባለፈው ሳምንት ገብቷል፤ የቀረው አንድ ወር ነው። የስምምነት ወረቀቱን ቅጂና የአራት ዓምዱን ሠንጠረዥ አባዝተን በቢሮ አስቀምጠናል። ቅዳሜ ከሰዓት የሚያስፈልጋት ትውሰድ። ደጋፊዎቻችን ለጥገና ብድር የተለየ ሣጥን ይኑር ወይስ ከድንገተኛው ጋር ይቆይ በሚለው ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡን እንጠይቃለን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።