ከሐርላ አንጥረኛ እስከ ሳይት ኢንጂነር
ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐርላ፣ በ2009 ዓ.ም. ይፋ የተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና የጌጣጌጥ መሥሪያ አሳይቷል። ለጌጡ የሚያስፈልገው ዛጎልና ብርጭቆ ከሩቅ ይመጣ ስለነበር፣ አንጥረኛው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን አስተዳዳሪም መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ዛሬስ? የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመራቂ የኮንክሪት ጥንካሬ ማስላት ያውቃል። ሲሚንቶ ዘግይቶ የቀን ሠራተኞች ሚክሰሩን ከበው ሲቆሙ ግን ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ምን እናድርግ?» ይለዋል። መልሱ ቀመር ውስጥ የለም።

ስለዚህ ማኔጅመንት ተፈትነው የሚረሱት ኮርስ ብቻ አይሁን። ተማሪው በልምምድ ወቅት የሳምንቱን መርሐ ግብር ያውጣ፣ ዕቃ ይዘዝ፣ ጠዋት ሠራተኛ ያሰማራ፤ መምህሩም ሳይት ድረስ ሄዶ ውጤቱን እዚያው ይስጠው።