ባቄላ የሚመርጠው ዕቅድ

(አጭር ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ልደታ ታክሲ ተራ ቆማችሁ «ኤክስቴንሽን» ብትሉ፣ ብዙ ሰው የማታ ትምህርት ነው የሚመስለው። ቃሉ ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ዩኒቨርሲቲ ዕውቀቱን ይዞ ከግቢ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ። የግብርና ኤክስቴንሽንን በአገራችን የጀመረው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያኔ የዓለማያ ኮሌጅ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኃላፊነቱ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ዞረ።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ፣ ችግሩ ብዙ፣ በጀቱ ጥቂት ሲሆን ከየቱ ይጀምራል?

እንበልና የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ተሰብስበዋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት አለ፦ ቆሻሻ አወጋገድ፣ በረንዳ ላይ ጎመን ማልማት፣ የልጆች ንባብ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ፍሬ ባቄላ ይታደላል፤ በመሰለው ወረቀት ላይ ያስቀምጣል። የሴቶቹና የወጣቶቹ ለየብቻ ይቆጠራል፤ አለዚያ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል።

(የባቄላ ኮሽታ)

ባቄላው ግን ብቻውን አይወስንም። ሦስት ጥያቄ ይቀራል፦ ችግሩ ስንቱን ይጎዳል? ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ አለው? ሌላ አካል ጀምሮታል ወይ?

ቆሻሻ አወጋገድ ተመረጠ እንበል። ከዚያ ግቡ ይጻፋል። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብቻውን ግብ አይሆንም፤ በምን ይለካል? «በስድስት ወር ውስጥ 40 ቤተሰብ ቆሻሻውን ለይቶ ይጥላል» ግን ይቆጠራል። ስድስት ወሩ ሲሞላ ደጃፍ ድረስ ሄዶ ማየት ነው።

ቅድሚያ መስጠት ማለት ሌላውን «ቆይ» ማለት ነው። ከባዱም እሱ ነው። ሳምንት እንገናኝ።

(ሙዚቃ)