ያጻፈና የጻፈ
በተራራ ራስ ላይ ስለሚቀመጥ የስም መዝገብ፤ በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የቀረበ ንግግር



ጅቡቲ የባሕር ከተማ ናት። የከተማዪቱ ልጅ በየዕለቱ የሚያየው መርከብ፣ መጋዘንና የጨው ውሃ ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከፍታና ዝቅታ ጎን ለጎን የሚገኙባት ናት። በምዕራብ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ወርዶ የአፍሪካ ዝቅተኛ ስፍራ ሆኗል፤ በሰሜን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጋር በምትዋሰንበት ድንበር ላይ የቆመው የሙሳ ዓሊ ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዚህ ወደብ የተነሣው የቀድሞው የባቡር ሐዲድም በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ፣ መንገደኛውን ከባሕር ዳር አንሥቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ካስኬደ በኋላ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ደጋ ያወጣው ነበር። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያን ተራሮች ለማየት ከባሕር ማዶ ከመጡት መንገደኞች ብዙዎቹ መጀመሪያ የረገጡት የጅቡቲን መሬት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወስ።

ሰው ተራራ ወጥቶ ከጫፉ ሲደርስ ስሙን ጽፎ መሄድ ይወዳል። ይህ ልማድ እንዲሁ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን «የማን ስም ይጻፍ?» ተብሎ ሲጠየቅ ጉዳዩ ከተራራ አልፎ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ሥራ የብዙ ሰው፣ ስም ግን የአንድ ሰው ሲሆን፣ የተጻፈው ነገር ሐሰት ባይኖርበትም እንኳ እውነቱ ጎዶሎ ነውና።

በአውሮጳ በአልፕስ ተራሮች በብዙ ጫፎች ላይ የስም መዝገብ ይቀመጣል። መዝገቡ ዝናምና በረዶ እንዳያበላሸው በብረት ሣጥን ውስጥ ይዘጋል፤ ሣጥኑም በጫፉ ላይ ከተተከለው መስቀል ወይም ከድንጋይ ክምር ጋር ይያያዛል። ወደ ላይ የወጣው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ስሙን፣ ቀኑን፣ የመጣበትን መንገድና የአየሩን ሁኔታ ይጽፋል። ተራራ መውጣት የለመዱ ሰዎች ይህን ሲያስታውሱ የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ እርሳሱን መያዝ እንደ ተሳናቸው፣ ጽሕፈታቸው እንደ ሕፃን ጽሕፈት እንደ ተንጋደደ፣ የራሳቸውን ስም ከመጻፋቸውም በፊት ከእነርሱ አስቀድመው የመጡትን ሰዎች ስም ቁጭ ብለው እንዳነበቡ ይተርካሉ። በዚያ ብቸኛ ስፍራ የማያውቁት ሰው ስም እንደ ወዳጅ ስም ይታያቸዋል።

መዝገቡ ለትዝታ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሰው በተራራ ላይ ጠፍቶ የቀረ እንደ ሆነ ፈላጊዎቹ ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። ስሙ ከዚያ ተጽፎ ከተገኘ እስከዚያ በደኅና መድረሱ ይታወቃል፤ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበም ጽፎ እንደ ሆነ ፍለጋው ወደዚያ አቅጣጫ ይመራል። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቃል የሰው ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል። በቀን፣ በስምና በእውነት የተጻፈ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ለኢትዮጵያዊ መምህር ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። የብራና መጽሐፍ ተጽፎ ሲፈጸም ጸሐፊው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን አስቀምጦ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ይለምን ነበር። ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር ራሱን ብቻ አለመጥቀሱ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ያጻፈው፣ በእጁ የጻፈው፣ የሚያነበው፣ የሚተረጉመውና የሚሰማው ሁሉ በአንድነት ምሕረት እንዲያገኙ ይማጸናል። ያጻፈው ጌታ፣ የጻፈው ድኻ ቢሆንም በዚያች ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መጽሐፉ የሁለቱም ሥራ መሆኑን ብራናው ራሱ ይመሰክራል።

የተራሮች ታሪክ ግን ይህን ሥርዓት ሁልጊዜ አልጠበቀም። በፈረንሳይና በኢጣሊያ ድንበር የሚገኘውን፣ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሞን ብላን ተራራ መጀመሪያ የወጡት ሚሼል ገብርኤል ፓካር የተባለው ሐኪምና ዣክ ባልማ የተባለው የአገሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑም ነሐሴ ወር፣ በአውሮጳውያን በ8ኛው ቀን፣ 1786 ነበር። ሁለቱ አብረው ወጡ፤ ዝናው ግን ለአንዱ ብቻ ተሰጠ። ባልማ በስተ እርጅናው፣ በ1832፣ ለደራሲው ለአሌክሳንደር ዱማ ታሪኩን ሲያወራ የጀግንነቱን ድርሻ ለራሱ ስላደረገው፣ ሐኪሙ እንደ ተጎታች ሰው ተቈጠረ። በ1887 በሻሞኒ ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆም ባልማ ከሊቁ ከደ ሶሱር ጋር ቆመ፤ ፓካር ግን በዚያ ሐውልት ላይ የለም። የፓካርን ስም መልሶ ካነሡት ማስረጃዎች አንዱ፣ በዚያ ዕለት ከሸለቆው ሆኖ በርቀት መመልከቻ መነጽር ሁለቱን ሰዎች ሲከታተል የነበረ የጀርመን ባላባት የጻፈው ማስታወሻ ነው። በከተማዪቱ ለፓካር የራሱ ሐውልት የቆመለት በ1986፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በዕለቱ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ከተነገረ ረጅም ወሬ እንደሚበልጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአፍሪካም ይህን የመሰለ ነገር ተደርጓል። ከፍታው 5,895 ሜትር የሆነውን ኪሊማንጃሮን የጀርመኑ ሐንስ ሜየርና የኦስትሪያው ሉድቪግ ፑርትሼለር በጥቅምት ወር 1889 ወጡ። ሜየር ለጫፉ የንጉሡን የቄሣር ቪልሄልምን ስም ሰጠው። እዚህ ላይ ስምን መጻፍና ስምን መጫን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። ስሙን የሚጽፍ ሰው «እዚህ ደርሼ ነበር» ይላል፤ ስም የሚጭን ሰው ግን «ይህ የእኔ ነው» ይላል። ታንጋኒካ በታኅሣሥ ወር 1961 ነጻ ስትወጣ መቶ አለቃ አሌክሳንደር ኒሬንዳ በዚያው ተራራ ላይ ችቦ አበራ፤ ጫፉም ኡሁሩ፣ ማለት ነጻነት፣ ተባለ። በሜየር ጊዜ መንገድ መሪ እንደ ነበረ የሚነገርለት የቻጋው ተወላጅ ዮሐኒ ኪንያላ ላውዎ ግን በአደባባይ የተከበረው የጉዞው መቶኛ ዓመት በ1989 በታሰበ ጊዜ ነው። የተራራው ስም ከቄሣሩ እጅ ከወጣ ከሃያ ስምንት ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱም ከ4,500 ሜትር በላይ የሚሆነው ራስ ዳሸን ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተውታል ተብለው በመጻሕፍት የሚጠቀሱት ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉት የፈረንሳይ መኰንኖች ናቸው፤ ዘመኑም 1841 ነው። የስሜን ሰው ግን በዚያ ደጋ ገብሱን ሲዘራ፣ በጎቹን ሲያሰማራ፣ በቅሎውን በገደል አፋፍ ሲነዳ የኖረ ነው። መንገዱን የሚያውቅ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያ ወጪዎች ስም ሲቈጠር እርሱ አብሮ አይቈጠርም። መጻፍ የሚችለው የራሱን ስም ጻፈ፤ መጻፍ የማይችለው ስም ሳይኖረው ቀረ። ይህ ነገር መምህርን ከማንም ይልቅ ሊያሳስበው ይገባል፤ ፊደል ማስተማር ማለት ስሙን ሌላ ሰው እስኪጽፍለት የማይጠብቅ ትውልድ ማብቀል ነውና።

መልካም ምሳሌም አልጠፋም። በኢትዮጵያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በቅኝ አስተዳደር ያገለግል የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ በ1941 በእንግሊዞች ተማርኮ ወደ ኬንያ ተወሰደ። በናንዩኪ ከሚገኘው የምርኮኞች ሰፈር ሆኖ የኬንያን ተራራ በየቀኑ ሲያይ ከቆየ በኋላ፣ በ1943 ዓመት መጀመሪያ ከሐኪሙ ከጆቫኒ ባሌቶና ከቪንቼንሶ ባርሶቲ ጋር ከሰፈሩ አመለጠ። ባርሶቲ ታሞ ከተራራው ሥር ካለው ድንኳን ቀረ። ሁለቱ ከሁሉ ከፍ ያለውን የባትያንን ጫፍ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ከፍታው 4,985 ሜትር የሆነውን የሌናናን ጫፍ ወጡ። በዚያም ባንዲራቸውንና ስም የተጻፈበትን ወረቀት በጠርሙስ አድርገው ትተው ወደ ሰፈሩ ተመለሱ፤ እጃቸውንም በፈቃዳቸው ሰጡ። በሃያ ስምንት ቀን የብቻ እስራት ቢፈረድባቸውም፣ የሰፈሩ አዛዥ ድፍረታቸውን አይቶ በሰባት ቀን እንዲፈቱ አደረገ።

ይህ ሰው የወራሪ መንግሥት ሹም የነበረ መሆኑ በኢትዮጵያዊ ዘንድ አይረሳም። ሆኖም በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ያደረገው ነገር ለትምህርት ይጠቅማል። በባትያን አለመሳካታቸውን አልደበቀም፤ በድንኳን የቀረውን በሽተኛ ጓደኛውንም ከታሪኩ አላወጣውም፤ ጉዞውን የሦስት ሰዎች ጉዞ አድርጎ ተረከው። ጫፉን የረገጡት ሁለት ቢሆኑም ረሃቡን፣ ፍርሃቱንና ስንቁን የተካፈሉት ሦስት ነበሩ።

ለጅቡቲ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1910 በአዲስ አበባ የተወለደው ይህ እንግሊዛዊ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1934 ታጁራ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። ጉዞው ተራራ መውጣት ሳይሆን ከደጋ ወደ ባሕር መውረድ ነበር። ነገር ግን ቴሲጀር ስለ ጉዞው ሲጽፍ የጓዙ አለቃ የነበረውን ሶማሌውን ዑመርን በስሙ እየጠራ ሥራውን አስታውሷል። በዚህም የተነሣ ያንን ጉዞ የሚያነብ ሰው ዛሬም ዑመር የሚባል ሰው እንደ ነበረ ያውቃል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው «ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ በኪሱ ስልክ ይዞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ መዝገብ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ፎቶግራፍ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ በመስታወቱ ፊት የቆመውን ያሳያል እንጂ ውሃ የተሸከመውን፣ ከመንገድ የታመመውን፣ ታማሚውን ይዞ የተመለሰውን አያሳይም። ሌላው ደግሞ «ልጆች ስም መጻፍ ከለመዱ ዛፉንና ድንጋዩን ሁሉ በቢላዋ ያበላሻሉ» ብሎ ይሰጋ ይሆናል። ይህ ስጋት እውነት አለው፤ በጎዳ ተራሮች በዳይ ደን የቀረው የጽድ ዛፍ በየጊዜው እየደረቀ የሚሄድ ስለሆነ በቅርፊቱ ላይ ስም የሚቀርጽ ልጅ በሕመምተኛ ላይ ቁስል እንደሚጨምር ነው። መድኀኒቱ ግን ልጁን ስም እንዳይጽፍ መከልከል አይደለም፤ የሚጽፍበትን ተገቢ ስፍራ ማሳየት ነው። ወረቀት ለስም ተሠርቷል፤ ዛፍ ግን አልተሠራም።

ስለዚህ ተማሪዎች ወደ አርታም ሆነ ወደ ዳይ፣ በኢትዮጵያም ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ስሜን በሚሄዱበት ጊዜ አንድ ጠንካራ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። እርሳስ የሚመረጠው ቀለም በዝናምና በላብ ስለሚፈስ ነው። በደብተሩ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተሄደበት መንገድ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የታየው ዛፍና አውሬ ይጻፍ። ከዚህ በኋላ ስም ሲጻፍ መጀመሪያ መንገድ የመራው የአገሩ ሰው ስም ይቅደም፤ መጻፍ የማያውቅ እንደ ሆነ ስሙን ራሱ እንደሚጠራው ተጠይቆ ይጻፍለት፤ ተጽፎም ይነበብለት። ቀጥሎ ውሃና ስንቅ የተሸከሙት፣ መኪና የነዳው፣ ምግብ ያበሰለችው ይጻፉ። ከዚያ ተማሪዎቹ በየእጃቸው ይፈርሙ። ከመንገድ የተመለሰ ተማሪ እንዳለ እስከየት እንደ ደረሰና ማን አብሮት እንደ ተመለሰ ሳይሸፈን ይገለጽ፤ ይህ ለእርሱ ነውር አይሁንበት። መምህሩ የሁሉን ስም አንብቦ እውነት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ በመጨረሻ ይፈርም። ደብተሩም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ እንጂ በአንድ ሰው ሣጥን አይቆለፍ። ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ጉዞ ከመነሣታቸው አስቀድሞ የቀደሙት የጻፉት ይነበብላቸው።

ወጪው ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው። ተማሪው በአንድ ገጽ ላይ ጂኦግራፊን፣ የጽሕፈት ሥርዓትንና የምስክርነትን ሕግ ይማራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻውን ከጫፍ የደረሰ ሰው እንደሌለ ይገነዘባል። ሰው ተባብሮ የሠራውን ነገር አንዱ ብቻ በስሙ ሲያጽፈው ዝም ብሎ ማየት በትምህርት ቤት ከተለመደ፣ በመሥሪያ ቤትም በአገርም ይለመዳል። በተራራ ላይ ሥንቅ የተሸከመለትን ሰው ስም መጻፍ የለመደ ልጅ ግን አድጎ ሹም በሆነ ጊዜ በሥሩ የሚሠሩትን ሰዎች ስም መጥራት አይከብደውም።

የቀደሙት የብራና ጸሐፍት ያጻፈውንና የጻፈውን በአንድ ገጽ ማስቀመጥን አውቀውበታል። ይህን ሥርዓት ከብራና ወደ ተማሪው ደብተር ማሻገር የመምህራን ፈንታ ነው።