በተቃዋሚው ወንበር ምን ይሠራል?

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ሳምንት በክርክር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በበዓላችን ሳምንት ከየክበቡ አንድ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ እኛ የክርክር ክበብ አባሎች ብዙ ርእስ አወጣን አወረድን። አንዳንዶቻችን ስለ ታላላቅ መሪዎች እንናገር አልን። ነገር ግን ስለ መሪዎች የሚናገር ሰው መቼም አይጠፋም፤ በምርጫ ስለ ተሸነፈ ሰው ሥራ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የክፍል አለቃ በተመረጠ ማግሥት ድምፅ ያነሰው ወገን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አኩርፎ ከኋላ ወንበር ይቀመጥና የሚሠራውን ሁሉ ሲያጥላላ ዓመቱ ያልቃል። ስለዚህ ወገኑ ተሸንፎ፣ እርሱም ሥልጣን አጥቶ ሳለ፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ስላስወጣ ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር የምክር ቤት አባል ልንነግራችሁ ወደድን። ስሙ ዳንከን ሳንድስ ይባላል። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሳንድስ በ1908 ተወለደ፤ በ1935 ምክር ቤት ገባ፤ በዚያው ዓመት የዊንስተን ቸርችልን ልጅ አገባ። ከጦርነቱ በኋላ በ1950 የደቡብ ሎንዶን ክፍል የኾነው የስትረተም ሕዝብ መረጠው፤ እስከ 1974ም ድረስ እንደራሴው ኾኖ ቈየ። ወገኑ ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው ፓርቲ ነው። የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያነበበ ተማሪ ስሙን ሳያውቀው አይቀርም፤ ኬንያ ነፃ ከመውጣቷ በፊት በ1963 በሎንዶን ስለ ሕገ መንግሥቷ የተደረገውን ጉባኤ የመራው እርሱ ነበረና። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ቤት፣ ስለ መንደርና ስለ ማዘጋጃ ቤት ስለ ሠራው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ሥልጣን በነበረው ጊዜ ያደረገውን እንይ፤ አለዚያ የኋላው ሥራው አይገባንም። እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የወጣችው ብዙ ቤት በቦምብ ፈርሶባት ነው። ኮንሰርቫቲቮች በዓመት 300,000 ቤት እንሠራለን ብለው በ1951 ሥልጣን ያዙ፤ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላንም በ1953 ቃሉን ፈጸመ። ሳንድስ በጥቅምት 1954 የማክሚላንን ቦታ ተክቶ የቤት ሥራና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ኾነ፤ እስከ ጥር 1957ም ሠራ።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር አድርጓል፤ ሦስቱም አንድ ዐይነት ፍሬ አላፈሩም። በ1955 ለየአውራጃው ምክር ቤቶች ደብዳቤ ጽፎ፣ በከተሞቻቸው ዙሪያ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መቀነት እንዲከልሉ አሳሰባቸው። ከተማ እንደ ዘይት ጠብታ እየተስፋፋ ከጎረቤቱ ከተማ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ይህ መቀነት ዛሬ ከእንግሊዝ መሬት ከስምንት እጅ አንዱን ያህል ይዟል። ቤት ያጣው ወጣት ግን መሬቱን ያስወደደብኝ ይኸው መቀነት ነው እያለ ይከራከራል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም።

ሁለተኛው በ1956 የወጣው የድጎማ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ሕንፃ ፎቁ በጨመረ ቍጥር ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብም ይጨምር ነበር። እንግዲህ ወደ ላይ ለሠራ ሽልማት ካለ ማን ወደ ጎን ይሠራል? የድኾቹ ሰፈሮች እየፈረሱ ረጃጅም ፎቆች ቆሙ። ግንቦት 16 ቀን 1968 በምሥራቅ ሎንዶን ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ በጋዝ ፍንዳታ አንድ ማእዘኑ ከላይ እስከ ታች ሲናድ አራት ሰዎች ሞቱ። በእኛ አስተያየት ጥፋቱን ሁሉ በሳንድስ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሌሎቹም ወገኖች ፎቁን ወደውት ነበር። ኾኖም በገንዘብ የሚገፋ ሕግ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያሳያል።

ሦስተኛው የቤት ኪራይ ሕግ ነው። ረቂቁን በ1956 መጨረሻ ለምክር ቤት ያቀረበው እርሱ ነው፤ ሕግ ኾኖ የወጣው ግን ሳንድስ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ከተዛወረ በኋላ በ1957 ነው። ሕጉ ብዙ ቤቶችን ከኪራይ ቍጥጥር ነፃ አወጣ። ሐሳቡ አከራዮች ትርፍ ካገኙ ቤታቸውን ያድሳሉ የሚል ነበር። በሎንዶን ግን አንዳንድ አከራዮች ነባሩን ተከራይ እያስፈራሩ ማስወጣት ያዙ። ሌላው ወገን ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1965 ለተከራዩ ጥበቃውን በሕግ መለሰለት።

እንግዲህ በሥልጣን ላይ ሳለ ብዙ አድራጊ፣ ብዙም ተነቃፊ ነበረ። ነገር ግን ሚኒስትር ኾኖ በየከተማው ሲዞር አንድ ነገር ሳያሳስበው አልቀረም፤ በ1957 ሲቪክ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ የየከተማውን ነዋሪ እያስተባበረ አካባቢውን እንዲያሳምር የሚረዳ ነው። መጀመሪያ የታወቀበት ሥራ በ1959 በኖሪች ከተማ በማግደለን መንገድ የተደረገው ነው። አንድም ቤት ሳይፈርስ፣ የሱቅ ባለቤቶች ሁሉ ተስማምተው ግንባሩን በሚስማማ ቀለም ቀቡት፤ የተዝረከረከውን ሽቦና የማስታወቂያ ሰሌዳ አነሡት። አላፊ አግዳሚው መንገዱ አዲስ የተሠራ መስሎት ተደነቀ።

በዚያው ዘመን በሌላ በኩል የሚፈርሰው ብዙ ነበር። በ1837 የተሠራው የሎንዶኑ የዩስተን ባቡር ጣቢያ ታላቅ በር በ1961 እና 1962 ሲፈርስ ብዙ ሰው ጮኸ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድም አቤት ተባለ፤ አልተሰማም። በሩ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ ቅርስ ነበር። በ1947 ሕግ መሠረት ግን መዝገብ ላይ መስፈር ለመፍረስ ብርቱ መከልከያ አልነበረም። ባለቤቱ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ባለሥልጣኑ በጊዜው የጥበቃ ትእዛዝ ካላወጣ ቤቱ ይፈርሳል። ከዚህም በላይ መዝገቡ የሚቈጥረው ቤት በቤት ነው። አንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ሃምሳ ተራ ቤቶች ቢኖሩት፣ አንዱም ብቻውን ሲታይ ለመዝገብ የሚበቃ ላይኾን ይችላል፤ ሃምሳው አብረው ሲታዩ ግን የከተማው መልክ ናቸው። ይህን የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በጥቅምት 1964 ኮንሰርቫቲቮች ተሸነፉ። በመጋቢት 1966 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ከ630 መቀመጫ ሌበር የተባለው ወገን 364 ሲያገኝ እነርሱ 253 ብቻ ቀረላቸው። በዚህ ቍጥር ተቃዋሚው በድምፅ አንድም ነገር ማሸነፍ አይችልም። ለሚኒስትርነት የለመደ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ወይ ወደ ንግድ ይሄዳል ወይ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል።

በእንግሊዝ ምክር ቤት ግን አንዲት ጠባብ በር አለች። የምክር ቤቱን ጊዜ አብዛኛውን የሚይዘው መንግሥት ነው፤ ጥቂት ዓርቦች ግን ሚኒስትር ላልኾኑት አባሎች የተተዉ ናቸው። አባሎቹ ስማቸውን ያስመዘግባሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሰው የራሱን የሕግ ረቂቅ ያቀርባል። ይህም ቢኾን ቀላል አይደለም። ረቂቁን የጠላ አባል እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ ቆሞ በመናገር ብቻ ሊገድለው ይችላል። በክበባችን እንዲህ ያለ ተናጋሪ አለ፤ ስሙን አንጠራም። ደግሞም ረቂቁ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጣ ከኾነ ሚኒስትር ካልፈቀደለት ወደ ፊት አይሄድም። ስለዚህ ተቃዋሚው ተቃዋሚነቱን ሳይተው የሌላውን ወገን ሰዎች ማሳመን አለበት።

ዕጣው በ1966 ለሳንድስ ደረሰው። በምን ላይ ያውለዋል? መንግሥትን የሚያሳፍር ረቂቅ አቅርቦ የጋዜጣ አርእስት መኾን ይችል ነበር፤ ረቂቁ ግን በዚያው ዓርብ ይሞታል። እርሱ የመረጠው የሰፈሮችን መልክ የሚጠብቅ ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ የቤት ሥራና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትሩ የሌበሩ ሪቻርድ ክሮስማን ነበር፤ ሳንድስ ቀድሞ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ማለት ነው። ክሮስማንም በዚያው ዓመት ስለ ባዝ፣ ቼስተር፣ ቺቸስተርና ዮርክ ከተሞች አጠባበቅ ጥናት ያዘዘ ሰው ነውና ረቂቁን ደገፈው። ሐምሌ 8 ቀን 1966 ሁለተኛው ንባብ ተደረገ። በነሐሴ ክሮስማን ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር የተተካው አንቶኒ ግሪንውድም ድጋፉን አላነሣም። ሐምሌ 27 ቀን 1967 ረቂቁ በንግሥቲቱ ፈቃድ ሕግ ኾነ። በተቃዋሚው ወንበር የተጀመረ፣ በመንግሥቱ ወንበር የተደገፈ ሕግ ነው።

ሕጉ ምን አዘዘ? ከሁሉ የሚበልጠው፣ እያንዳንዱ የአካባቢ ፕላን ባለሥልጣን በግዛቱ ውስጥ በአሠራራቸው ወይም በታሪካቸው የተለዩ ሰፈሮችን መርጦ የጥበቃ ክልል ብሎ እንዲሰይም ግዴታ ጣለበት። ልብ በሉ፤ መራጩ በሎንዶን የተቀመጠ ሹም አይደለም፤ የከተማው የራሱ ምክር ቤት ነው። በክልሉ ውስጥ የሰፈሩን መልክ የሚለውጥ ሥራ ሲታሰብም ነገሩ በአካባቢው ጋዜጣና በቦታው ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ እንዲገለጽ አዘዘ፤ ነዋሪው ግድግዳው ሲናድ ሳይኾን አስቀድሞ አስተያየቱን እንዲሰጥ ነው።

ሌላው ክፍል ስለ ዛፍ ነው። የተጠበቀ ዛፍ ሲቈረጥ ወይም ሲሞት ባለመሬቱ በምትኩ ሌላ እንዲተክል ግዴታ ገባ። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ስለ ጥራጊ ነው። በየመንገዱ ተጥለው የሚቀሩትን አሮጌ መኪናዎች ማዘጋጃ ቤት እንዲያነሣ፣ ነዋሪውም የተሰበረ አልጋውንና ወንበሩን ያለ ክፍያ የሚጥልበት ሥፍራ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። አንዳንዶቻችን ይህን ስናነብ ሳቅን፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የአሮጌ መኪና ጎማ በአንድ ሕግ ውስጥ ምን አገናኛቸው ብለን። ነገር ግን በጓሮው ጥራጊ የተከመረበትን አሮጌ ሰፈር የሚያየው ሰው ሁሉ ቢፈርስ ይሻላል ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ጥራጊውን ማንሣት ራሱ ቅርስ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው የጥበቃ ክልል በዚያው በ1967 በሊንከንሻየር ያለችው የስታምፈርድ ከተማ ኾነች። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ እንዲህ ያሉ ክልሎች 10,000 ያህል ናቸው።

ሕጉ ጉድለት አልነበረውም አንልም። በክልል ውስጥ ያለን፣ ነገር ግን በመዝገብ ያልሰፈረን ቤት ማፍረስን አልከለከለም፤ ይህን ቀዳዳ የደፈነው በ1974 የወጣው ሌላ ሕግ ነው። ከዚህ የበለጠውን ጥያቄ ያነሣው ደግሞ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ ነው። «አሮጌ ቤት ይጠበቅ ማለት ድኻው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይኑር ማለት አይደለምን?» አለ። ጥያቄው እዚህም የሚያቃጥል ነው። በ2024፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አንዱ ታሪክ ጠፋ ብሎ አዘነ፤ ሌላው ከተማው ተዋበ ብሎ ተደሰተ፤ የነዋሪው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ለጓደኛችን የምንመልሰው ይህን ነው። የ1967ቱ ሕግ ቤት አይታደስ፣ አዲስም አይሠራ አላለም። ያዘዘው ሰፈሩ እንዲጠበቅ ብቻ ሳይኾን እንዲሻሻልም ነው። ጣሪያው ማፍሰሱ ቤቱን ለማፍረስ ምክንያት ከኾነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይኾናል። ይሁን እንጂ ለማደሻው ገንዘብ ካልተመደበ፣ ክልል ብሎ መሰየም ብቻውን ለነዋሪው እንጀራ አይኾነውም። በዚህ ነጥብ ጓደኛችን እስከ አሁን አልተረታልንም፤ እኛም ልንረታው አንቸኩልም።

ሳንድስንም በሁሉ አናመሰግነውም። በ1968 የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙ የኬንያ ሕንዶች ወደ እንግሊዝ እንዳይገቡ ከቀሰቀሱት አንዱ እርሱ ነበር፤ ይህን ሥራውን እንነቅፋለን። ከ1969 ጀምሮ ኤውሮፓ ኖስትራ የተባለውን የቅርስ ጠባቂዎች ማኅበር መርቷል። በ1974 ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገባ፤ በ1987 ሞተ።

ሚኒስትር ኾኖ ያወጣቸውን ሕጎች ስንመረምር፣ ፎቅ ለጨመረ የሚጨመረው ድጎማ በ1960ዎቹ ተቋርጧል፤ የኪራዩንም ሕግ ተቃዋሚዎቹ መልሰውታል። ሲቪክ ትረስትም ገንዘብ አልቆበት በ2009 ተዘግቷል። በተቃዋሚው ወንበር ተቀምጦ ያስወጣው የጥበቃ ክልል ግን፣ ከዚያ በኋላ ሌበርም ኮንሰርቫቲቭም ሲፈራረቁ አንዱም አልሰረዘውም፤ በ1990 በወጣው የቅርስ ሕግ ውስጥ ተጠቃልሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህ የኾነበት ምክንያት ምን ይመስላችኋል? ሕጉ ሲወጣ የሁለቱም ወገን እጅ ስለ ነበረበት ነው የሚሉ በክበባችን ይበዛሉ። ጥቂቶች ደግሞ አይደለም፤ ሥልጣኑን ለየከተማው ምክር ቤት ስለ ሰጠና በየሰፈሩ ባለቤት ስላገኘ ነው ይላሉ። ክርክሩ ከዕረፍቱ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስለሚቀጥል፣ መምህራንና ወላጆችም ከኹለቱ ከአንዱ ወገን ተሰልፋችሁ እንድትናገሩ በትሕትና እንጠይቃለን።