የቤት ባሕረ ሐሳብ፤ ገቢንና ወጭን አስቀድሞ ስለ መቁጠር



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ነገር አዲስ ጥበብ አይደለም። ስለ ቤት አያያዝ ነው፤ ይኸውም ሰው የሚያገኘውንና የሚያወጣውን ጊዜው ሳይደርስ ቆጥሮ፥ ለያንዳንዱ ወር ድርሻውን ለይቶ ስለ ማኖር ነው። መንግሥት ይህን በጀት ይለዋል፤ በየዓመቱም ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሚሠራበትን አስቀድሞ ይወስናል። እኛ ግን በጀት ለመንግሥት ብቻ የተሠራ እየመሰለን፥ በየቤታችን እንደ መጣ እንበላለን፤ እንደ ጎደለም እንበደራለን።

ከመካከላችሁ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ዘመኑ ገና ሳይገባ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚውል፥ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፥ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚሆን ቆጥሮ ይናገራል። እንግዲህ በዓሉን አስቀድመን የምንቆጥር ሰዎች የበዓሉን ወጭ ስለ ምን አስቀድመን አንቆጥርም? ፋሲካ ድንገት የመጣበት ክርስቲያን የለም፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ ያውቃሉ። የመሬት ግብር፥ የማዳበሪያ ዋጋ፥ የልጆች ደብተርና ልብስ፥ ሁሉም ወራቸው የታወቀ ነው። ቀኑ የማይታወቅ ሕመምና ሞት ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀኑ ባይታወቅ መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ «ድንገት ደረሰብኝ» ከምንለው ወጭ የሚበዛው ድንገተኛ አይደለም፤ ያልቆጠርነው ነው እንጂ።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። በመሥሪያ ቤት የሒሳብ መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ስኖር፥ ከመዝገቡ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ለቤቴ ግን መዝገብ አልነበረኝም። አባቴ ባረፈ ጊዜ ለ40 ቀኑ ተስካር በሬ ጣልኩ፤ ጠላውም ጠጁም ተትረፈረፈ። ገንዘቡን የተበደርኩት በወር ከመቶ 10 ወለድ ነበር። ካህናቱም ድኾቹም በልተው መረቁኝ፤ ስሜም በአገሩ ተጠራ። ከ6 ወር በኋላ ግን ወለዱ ብቻ የብድሩን ከግማሽ በላይ ስለ ሆነ፥ የምትታለበውን ላም ሸጥኩ። ላሚቱ ስትነዳ ልጆቼ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተሏት።

በዚያች ማታ ባለቤቴ፥ «የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ እርስዎ ያውቁታል፤ የጎታውን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር» አለችኝ። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከጎታው አንድ ቁና እህል ባወጣች ቁጥር በግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት ታደርግ ነበር። ስለዚህ የቤቴ መዝገብ በግድግዳዬ ላይ ተጽፎ ሳለ፥ የተማርኩት እኔ አላነበብኩትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልመክራት ምንም ወጭ አልቆረጥኩም። በቤት ሒሳብ ሊቁ ጎታውን የሚከፍተው ሰው ነውና።

አሁን ስለ ገበሬ ቤት ልናገር። የመንግሥት በጀት በሐምሌ ይጀምራል፤ የገበሬ በጀት ግን የሚጀምረው በአውድማ ላይ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ እህሉ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ለዘር የሚቀረውም፥ በሐምሌ የሚበላውም፥ ለገበያ የሚወጣውም ተቀላቅሎ ብዙ ይመስላል። የሚያታልለንም ይህ ብዙ መስሎ መታየቱ ነው። ሠርጉ የሚበዛው በጥር፥ ጎተራው ሞልቶ ዓይን በጠገበበት ወራት መሆኑን ልብ በሉ።

ለምሳሌ 6 ነፍስ ያለበት ቤት በዓመቱ 20 ኩንታል አገኘ እንበል። የቤቱ ጌታ ከእመቤቲቱ ጋራ ተማክሮ እህሉን በአውድማው ላይ በ4 ይክፈለው። መጀመሪያ ለዘር 1 ኩንታል ተኩል ይለይ፤ ይህ ቢቸግርም የማይነካ ነው። ሁለተኛ ለምግብ በወር 1 ኩንታል አድርጎ 12 ኩንታል ያኑር። ሦስተኛ ለክፉ ቀን 2 ኩንታል ያስቀምጥ። የቀረው 4 ኩንታል ተኩል ብቻ ለገበያ የሚወጣ ነው፤ ለግብሩ፥ ለማዳበሪያው፥ ለጨውና ለዘይቱ፥ ለልብሱና ለደብተሩ የሚሆነው ገንዘብ ከዚህ ይገኛል። መደገስ የሚወድም ከዚሁ ከአራተኛው ክፍል ይደግስ እንጂ የሐምሌን ድርሻ አይንካ። ጳጉሜንም አትዘንጉ፤ 5 ቀን፥ በየ4 ዓመቱም 6 ቀን ናት፤ ጳጉሜንን የረሳ ቤት ዘመን መለወጫን በብድር ይቀበላል።

ለክፉ ቀን የተቀመጠው ለምንድን ነው የሚል ቢኖር፥ ዮሴፍን ያስብ። በግብፅ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከ5 እጅ አንዱ እጅ እንዲከማች መከረ፤ በ7ቱ የራብ ዓመታትም አገሩ በዚያ ዳነ። እኛ አምስተኛውን እጅ ማኖር ቢያቅተን፥ በምሳሌው እንዳየነው ዐሥረኛውን እናኑር።

«አዝመራው 20 ባይሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። የመቁጠር ጥቅም ዋናው የሚታየው በዚህ ነው። ከተከፈለ በኋላ የምግቡ ድርሻ ለ9 ወር ብቻ የሚበቃ ሆኖ ቢገኝ፥ ባለቤቱ ጉድለቱን በጥር ያውቃል። ከጥር እስከ ሐምሌ 6 ወር አለው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ድግሱን ያስቀራል፥ ፍየል ያደልባል፥ ውኃ ካለው በበጋ ድንች ይተክላል፥ የቀን ሥራም ይፈልጋል። ጉድለቱን በሐምሌ ያወቀ ሰው ግን የቀረው አበዳሪ ብቻ ነው። በጀት እህልን አያበዛም፤ ጉድለትን ግን መድኃኒት ሳለ ያሳያል።

ስለ ሽያጩም እንዲህ ነው። በመከር ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ በክረምት ግን ብዙ ጊዜ ይወጣል። በጥር በርካሽ ሽጦ በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ የሚገዛ ገበሬ፥ ለሌላው ሰው ሲያርስ ከረመ ማለት ነው። ስለዚህ ለገበያ የተለየው ሁሉ በአንድ ቀን አይሸጥ፤ ወጭው በሚደርስበት ወር ልክ ተከፍሎ ይውጣ። ነገር ግን እህሉ በደንብ የደረቀ፥ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን፤ አለዚያ ዋጋ የጠበቀ ሰው ትርፉን ለነቀዝ ይሰጣል።

መበደር ግድ ቢሆንም ሕጉን ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። እኔ የከፈልኩት በዓመት ቢታሰብ ከመቶ 120 ነበር፤ ሕጉ ከፈቀደው 10 እጥፍ ማለት ነው። መዝገብ የማውቅ ሰው ሳለሁ ይህን ሳላስብ ፈረምኩ። አራጣ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ደግሞም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ ብቻ መሆኑን ይናገራል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን ሕጉም ያጸናዋል።

ወደ ነጋዴው ቤት እንለፍ። ነጋዴ ስል ሱቅ ያለውን ብቻ ሳይሆን፥ በገበያ ቀን ጠላ የምትሸጠውንም እናት ጭምር ማለቴ ነው። የትንሽ ንግድ ጥፋት ብዙ ጊዜ ከገበያው አይመጣም፤ የሱቁ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ በአንድ መቀነት ከመታሰሩ ይመጣል። ጠላ ሻጯ ለገብሱ፥ ለብቅሉ፥ ለጌሾውና ለእንጨቱ 1,200 ብር አውጥታ ጠላውን በ1,700 ብር ብትሸጥ፥ በእጇ ካለው ገንዘብ የእርሷ 500 ብር ብቻ ነው። 1,200ው የሚመጣው ጠላ ነው። ይህን ሳትለይ 700 ብር ለቤት ብታወጣ፥ ያተረፈች መስሏት ከዋናው 200 ብር በላች፤ በሚመጣው ገበያ ጋኑ ይጎድላል።

ስለዚህ ነጋዴ 2 ከረጢት ይኑረው፤ አንዱ ለዋናው፥ ሁለተኛው ለትርፉ። ቤቱ የሚበላው ከሁለተኛው ነው፤ ከእርሱም ጥቂት እያነሣ ዋናውን ያሳድግበት። ከቤት የወጣውን ብቅልና ልጅ የለቀመውን እንጨትም በገበያ ዋጋ ይቁጠረው፤ ያልተቆጠረ ወጭ ትርፍ መስሎ ያታልላልና። በዱቤ የሰጠውን ስሙንና ቀኑን ይጻፍ፤ ገንዘቡም እጁ እስኪገባ ድረስ ትርፍ ነው ብሎ አይብላው።

ብቻውን ማጠራቀም የሚያቅተው ሰው ዕቁብ ይግባ። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ፥ እያንዳንዱ በተራው 6,000 ብር በአንድ ጊዜ ያገኛል። ዕቁብ ወለድ አይሰጥም፤ ነገር ግን በየወሩ የሚጠይቅ ባልንጀራ ይሰጣል። ዕጣው የሚውልበት ነገር ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ይቆረጥ፤ ያለዚያ የዓመት ቁጠባ በአንድ ሳምንት ድግስ ያልቃል።

መዝገቡ እንዴት ይጻፍ ቢሉ፥ አንድ ደብተርና 4 ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፥ ገቢ፥ ወጭ፥ ቀሪ። በሳምንት አንድ ማታ ይደመር። ትክክለኛነቱም የሚታወቅበት መንገድ አለ። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ፤ 30 ካልሆኑ ቆጣሪው ተሳስቷል። እንዲሁም ወጭና ቀሪ ተደምረው ከገቢው ጋራ እኩል መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ያልተጻፈ ነገር አለ። ያን ጊዜ ሰው መጠርጠር ሳይሆን ደብተሩን እንደገና ማንበብ ይገባል።

እናንተ መምህራን፤ መደመርና መቀነስ የቻለውን ተማሪ ሁሉ የቤቱን ደብተር እንዲጽፍ አስተምሩት። እናትና አባቱ ይነግሩታል፥ እርሱ ይጽፋል። ሒሳብ ለምን እንደሚማርም ያን ጊዜ ይገባዋል። ነገር ግን የቤቱን ምሥጢር በክፍል ውስጥ አታስነብቡት፤ የምትመለከቱት ድምሩን ብቻ ይሁን።

እናንተ ሽማግሌዎች፤ ሥራችሁ ከዚህ ይከብዳል። ተስካርና ሠርግ ይቅር አልልም፤ በአቅም ይሁን እላለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ድግሱን ቢያሳንስ ንፉግ ይባላል፤ እኔም ይህን ስም ፈርቼ ላሜን ሸጥኩ። ዕድሩ ተሰብስቦ ልኩን ቢወስን ግን የሚያፍር አይኖርም። 50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፥ ለ50 ሰው ግን ጌጥ ነው ይባል የለምን?

ትምህርት ቤቱ በመስከረም ሲከፈት ሳይመጣ የሚቀር ልጅ አለ። መምህሩ ስሙን ጠርቶ ዝም የሚል ያገኛል፤ ልጁ ለሌላ ሰው ከብት ለመጠበቅ ተቀጥሯል። ያ ልጅ የቀረው በመስከረም አይደለም፤ አዝመራው ሳይቆጠር ወደ ጎተራ በገባ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሚመጣው መከር፥ እህሉ ገና በአውድማ ሳለ፥ እያንዳንዳችሁ ከእመቤቲቱና ከልጁ ጋራ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ።

እግዚአብሔር አዝመራችንን ይባርክ፤ የሰጠንንም የምንይዝበት ልብ ይስጠን።