ስልክ ከመግዛታችን በፊት ስማችንን እንጻፍበት

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ውኃ መውረጃ ቦይና ስለ ጥበቃ መዋጮ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስላለው ዕቃ ማለትም ስለ ስልክ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው ወስኗል። «ስለ ስልክ ምን የሚወራ አለ? ይደወላል፣ ይነሣል፣ አለቀ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ስልክ መደወያ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ ገንዘባችን በስልክ ይሄዳል፤ የቡናና የጫት ዋጋ ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ በስልክ ይመጣል፤ ውልና ቀጠሮ በስልክ ይጻፋል። እንግዲህ ነገሩ መጻፍ ከሆነ ዘንድ ጥያቄው አንድ ነው፤ የምንገዛው ስልክ በገዛ እጃችን፣ በገዛ ቋንቋችን ያጽፈናል ወይስ አያጽፈንም?

ይህን ርዕስ እንድንመርጥ ያደረገን ምክንያት አለ። ከአባላቶቻችን መካከል በተለይ በዕድሜ የገፉት ተች ስልክ ከልጆቻቸው ከተሰጣቸው በኋላ መስተዋቱ ጣታቸውን አልታዘዝ እያለ ተቸግረዋል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለ ሱቅ ይሰጡና «እስኪ አንተ ጻፍልኝ» ይላሉ። ከስልኩም ጋር የምስጢር ቁጥራቸውን ይሰጣሉ። የምስጢር ቁጥሩን ለሰው የሰጠ ማለት የሣጥኑን ቁልፍ ለሰው እንደ ሰጠ ነው። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ነገሩ ትክክል አይደለም።

መስተዋቱ ለምን አይታዘዝም ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። የተች ስልክ ገጽ የሚሠራው በመጫን አይደለም። በጣታችን ውስጥ የሚያልፈውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ ጣት ሲረጥብ ይሳሳታል፤ ቆዳው በሥራ ብዛት ሲደርቅና ሲጠነክር ደግሞ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ማሳ ሲቆፍር፣ ጫት ሲቀነጥብና ሲያስር የዋለ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ባለ ቁልፍ ስልክ ግን የሚያውቀው መጫንን ብቻ ነው፤ ጣት ደረቀም ረጠበም ግድ የለውም። ቁልፉ ሲወርድም ጣት ይሰማዋል። «ገባ ወይስ አልገባም?» ብሎ መጠራጠር የለም።

ባለ ቁልፍ ስልክ ስንል ሁለት ዓይነት እንዳለ እንለይ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ 12 የቁጥር ቁልፎች ያሉት ትንሹ ስልክ ነው። ይህን ስልክ ማንም ሊንቀው አይገባም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለስማርት ስልክ ብቻ ተብሎ አልተዘጋጀም። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በመደወል በትንሹም ስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። ቀሪ ሒሳብን በኮከብ 804 መሰላል እንደምናየው ማለት ነው። ባትሪውም ቶሎ አያልቅም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ተገጣጥመው ከተሸጡት የቴክኖ ስልኮች መካከልም አማርኛ የሚጽፉ ነበሩ። ችግሩ ረዘም ያለ ነገር ሲጻፍ ነው። በአንድ ቁልፍ ላይ ብዙ ፊደል ስለሚደራረብ አንዱን ለማግኘት ደጋግሞ መጫን ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት አነስ ያለ ስማርት ስልክ ሆኖ ከገጹ በታች ሙሉ የፊደል ገበታ በቁልፍ የተደረደረለት ነው። የዚህ ዓይነቱን ስልክ በዓለም ያስተዋወቀው ብላክቤሪ የተባለው የካናዳ ስልክ ነው። በሁለት አውራ ጣት ብቻ ደብዳቤ የሚጻፍበትን መሣሪያ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣ፤ የብዙ አገር ባለሥልጣናትና ነጋዴዎችም ለዓመታት ተጠቀሙበት። በኋላ ተች ስልክ ገበያውን ሲወስደው ባለ ቁልፉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው ዩኒኸርትዝ ታይታን ፖኬት የተባለው ስልክ ገጹ 3.1 ኢንች ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ሙሉ የፊደል ቁልፎች አሉት። የሚሠራው እንደ ሌሎቹ በአንድሮይድ ነው። በዚያ ላይ የቁልፎቹን ፊት በጣት በማሸት ጽሑፉን ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ይቻላል። እንዲህ ያለው ስልክ በከተማችን መደብሮች በብዛት የሚታይ አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ግን «ምን ልላክልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሊያስበው ይችላል።

ጥቅሙን በአጭሩ እንቁጠር። የፊደል ገበታው መስተዋቱን ስለማይሸፍን የሚጻፈው ሁሉ ይታያል። ቁልፉን ጣት ስለሚለምደው ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ይረዳል። ስልኩም ትንሽ ስለሆነ በአንድ እጅ ይያዛል። ጉዳቱንም አንደብቅ። ገጹ ጠባብ ስለሆነ ፊልም ለማየት አይመችም። በቁልፎቹ መካከል አቧራ ይገባል፤ የእኛን አገር የበጋ አቧራ ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ከተሰበረም መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም። ሌላው ደግሞ ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፊደሎቹ ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ ስለሚሆኑ የገንዘብ መጠን ሲጻፍ ማስተዋል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእነዚህ ቁልፎች ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ነው፤ ቁጥሩም 26 ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ዘር ሲበዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ! ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው። ቁልፉ ጥቂት ነው፣ ፊደሉ ብዙ ነው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የጻፈ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ መሠረቱን ፊደል ከመቱ በኋላ የዘሩን ምልክት መጨመር ነበረበት። የዛሬው ስልክም የሚከተለው ተመሳሳይ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ተነባቢው ይነካል፣ ቀጥሎ አናባቢው ይነካል፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ፊደል ያወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 345 ሆኖ ስለ ተመዘገበ፣ ከጭሮ የተላከ አማርኛ ዋሽንግተን ሲደርስ ያው አማርኛ ሆኖ ይነበባል።

ይሁን እንጂ ይህ ፕሮግራም በስልኩ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም በመስተዋቱ ላይ ብቻ እየሠራ ቁልፎቹን የማያውቃቸው ከሆነ፣ ባለቤቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዳል። መዘዙ እዚህ ላይ ነው። በላቲን ሲጻፍ ጠ እና ተ አይለዩም። ስለዚህ «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መታ» አንድ ዓይነት ሆነው ይደርሳሉ። ለእናት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳት ምን እንደምታስብ ገምቱ! ጨ እና ቸም እንዲሁ ናቸው። በአገራችን ጫት ብሎ የጻፈ ነጋዴ፣ ተቀባዩ ቻት ብሎ ቢያነብበት ምን ይባላል? እኛን ያስቃል፤ ሸክሙ በሰዓቱ ያልደረሰለትን ሰው ግን አያስቀውም።

ከተማችን ደግሞ የአማርኛ ብቻ አይደለችም። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ በኦሮምኛ እንነጋገራለን፤ ልጆቻችንም የሚማሩት በቁቤ ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኖ ከተወሰነ ወዲህ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ለኦሮምኛ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ያገለግላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ስልኩ በእንግሊዝኛ ቃል እንዲያርም ሆኖ ከተተወ የጻፍነውን ኦሮምኛ እየቀየረ ያበላሸዋል። በቁቤ አናባቢው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መጻፉ ትርጉም ይለውጣል። «ላፋ» የሚለው ቃል ባጭሩ ሲጻፍ መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ተደግመው ረዝመው ሲጻፉ ግን ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። የመሬት ነገር በሚጻፍበት ደብዳቤ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ ማረሚያውን ማጥፋት ነው።

በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። የከተማችንን ስም ብቻ እንውሰድ። በቁቤ ጭሮ ለማለት የሚነካው ሲ የተባለው ፊደል ነው፤ በቁቤ ሲ ብቻውን ጭ ነውና። በተለመደው የአማርኛ አጻጻፍ ግን ያው ሲ ትንሹ ከሆነ ች ይሆናል፤ ጭ ለማግኘት ትልቁን ሲ፣ ማለትም ካፒታሉን መጫን ያስፈልጋል። ኤክስም እንዲሁ ነው፤ በቁቤ ጥ፣ በአማርኛው አጻጻፍ ግን ሽ ይሆናል። ቁልፉ ያው፣ ፊደሉ ሌላ! ገለምሶን የሚጽፍ ሰው ካፒታል ሳያስፈልገው ያልፋል፤ ጭሮንና ጨርጨርን የሚጽፍ ግን ይህን ካላወቀ «ችሮ» እና «ቸርቸር» እያለ ይኖራል። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ስልኩ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ አይተን እንነሣ።

ሌላ ትምህርት ደግሞ ከብላክቤሪ እንውሰድ። ኩባንያው የድሮዎቹን ስልኮች አገልግሎት በታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. አቋረጠ። ቁልፎቹ እንደ ነበሩ ናቸው፤ አንዱም አልተሰበረም። ነገር ግን ከጀርባ ሆኖ የሚያሠራቸው ስለ ቆመ፣ መደወልና መልእክት መላክ እንኳ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በአንድሮይድ የሚሠሩት የኋለኞቹ ብላክቤሪዎች ብቻ ከዚህ ተረፉ። ስለዚህ ማንም ሰው «ውጭ አገር በርካሽ አገኘሁልህ» ብሎ የድሮ ብላክቤሪ ቢያመጣ፣ በምን እንደሚሠራ ሳንጠይቅ ገንዘብ አናውጣ። የስልክ ዕድሜ በቁልፉ ጥንካሬ ብቻ አይለካም።

እንግዲህ ኮሚቴያችን ለአባላት የሚከተለውን ያሳስባል።

አንደኛ፣ ማንኛውንም ስልክ ከመግዛታችን በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመን የራሳችንን ስም በቁልፉ እንጻፍበት። በአማርኛም በኦሮምኛም እንሞክር። «ቤት ስትደርስ ይስተካከልልሃል» የሚለውን ቃል አንቀበል።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ሲም ካርድ አስገብተን እንደውልበት፤ ኮከብ 804 መሰላል ብለንም ሒሳባችንን እንይበት።

ሦስተኛ፣ ዓይናችንን ከድነን አምስት ቁጥር ያለውን ቁልፍ በጣታችን እንፈልግ። በብዙ ስልኮች ላይ ለምልክት የምትሆን ትንሽ ነጥብ አለችበት። ካገኘነው እጃችን ይለምደዋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ትንሹ ስልክ ለሥራችን ከበቃን በትንሹ እንቆይ። ጎረቤት ስለያዘው ብቻ ትልቁን መግዛት የለብንም፤ ትንሽ ስልክ ይዞ መታየትም አያሳፍርም።

አምስተኛና ዋናው፣ የምስጢር ቁጥራችንን ራሳችን እንጻፍ። ለዚህም ሲባል መጻፍ የሚያውቁ ወጣቶቻችን ሽማግሌዎቻችንን በትዕግሥት እንዲያስተምሩ ጥሪ እናደርጋለን። ማስተማር ማለት ግን ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ መጻፍ አይደለም። ስልኩ በባለቤቱ እጅ ይሁን፣ ጣቱም የባለቤቱ ይሁን፤ ወጣቱ ከጎን ሆኖ «አሁን ይህን፣ ቀጥሎ ያንን» ይበል። ቁጥሩ በሚጻፍበት ጊዜ ደግሞ ፊቱን ያዙር። እናት በመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባት ምን ቸገረን? በሁለተኛው ሳምንት የላከችውን ገንዘብ መጠን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አንብባ፣ ራሷ ትልካለች።

ለመማር የሚፈልጉ አባላት ስልካቸውን ይዘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበሉ። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶችም ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። ክፍያ የለውም።



የማኅበሩ ኮሚቴ